ንዳድ ወደ ጥንት ድምፁ የተመለሰበት ሳምንት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነበር፤ ወይም ሰኞ እንደ ነበር አምኜ ኖሬአለሁ። የቅጥር ደብዳቤዬ ማክሰኞ እንደሚል ያስተዋልኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወረቀቶቼን ሳስተካክል ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ያላችሁ ባልደረቦቼና ወጣቶች ከዚህ በታች የምጽፈውን በዚሁ መጠን እየተጠራጠራችሁ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

የተቀጠርኩት ናዝሬት ውስጥ፣ በአዋጅ የመንግሥት በሆነ አንድ ሆቴል ነበር። ዘመኑ የደርግ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የሥራ መደቤ «ረዳት የድምፅ ቴክኒሺያን» ይባላል። ዋና ቴክኒሺያን የሚባል ሰው ግን አልነበረም፤ የምረዳው ስላልነበረኝ ሁሉንም ብቻዬን እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ፣ በኤሌክትሮኒክስ ተጨማሪ ሥልጠና ወስጄ የመጣሁ በመሆኔ፣ በሆቴሉ ውስጥ የሚጮህ ነገር ሁሉ በሥርዓት እንዲጮህ ማድረግ እንደምችል አልተጠራጠርኩም። መሣሪያዎቼ አንድ ቴስተር፣ አንድ የብየዳ ካውያና ሦስት ጠመንጃ መፍቻዎች ነበሩ።

በአዳራሹ የሚጫወተው ባንድ «ንዳድ» ይባላል። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ጊታር የሚጫወተውና መሪያቸው ለሜሳ፣ ድራም የሚመታው ከድር፣ ድምፃዊቷ የሺ፣ እንዲሁም አንድ የቤዝ ጊታርና አንድ የሳክስፎን ተጫዋች። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ልምምድ ላይ ደረስኩ። ለሜሳ የጊታሩን ክር አንዴ ሲመታ ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ አቡጀዲ በሁለት እጅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሮጬ ማብሪያውን አጠፋሁት።

«ምን ሆነ? ተቃጠለ እንዴ?» አለ ለሜሳ።

«አልተቃጠለም፤ ግን ተበላሽቷል። ድምፁ እየተቀደደ ነው» አልኩት።

ከድር ከድራሙ ጀርባ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ኢንጂነር፣ እሱን ከጠገንክማ የምንበላው የለንም!»

ለሜሳ ሳይቆጣ መልሶ አበራው። «ወንድሜ፣ ይህ ብልሽት አይደለም፤ ደመወዜ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኢንጂነር ሆኖ ቀረ። ኢንጂነር ሆኜ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ አርሜአቸዋለሁ፤ ማንም አልሰማኝም።

የሰዓት እላፊ ዘመን ስለ ነበር ጭፈራው የሚካሄደው ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የአሰብ መስመር ሹፌሮች መኪኖቻቸውን በሆቴሉ አጥር ዙሪያ አቁመው ይገባሉ። ንዳድ ሲጀምር ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ በራሱ እየተራመደ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ከድር ሲመታ የእግር ድራሙ ወደ ፊት እየተንፏቀቀ ስለሚያስቸግር፣ ፊቱ አንድ ሙሉ የቢራ ሳጥን ይደረግለት ነበር። የሺ ቀጭንና አጭር ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ያንን ሁሉ ሰንጥቆ ያልፋል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የሚቀደደውን ድምፅ በሙያ ዓይን እያወገዝኩ፣ በጫማዬ ግን ወለሉን እየመታሁ መሆኔን አንድ ቀን አስተናጋጆቹ ጠቁመውኛል።

ድምፁ እንዴት እንደ መጣ የማያውቅ የናዝሬት ሰው አልነበረም። ለሜሳ በወጣትነቱ የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ሦስት ቦታ ሰንጥቆታል ይባላል። እሱ ራሱ ለጠየቀው ሁሉ፣ ምላጩን እንዴት እንደ ያዘ ሳይቀር በጣቶቹ እያሳየ ይተርከዋል። እኔም ታሪኩን ለብዙ እንግዳ አውርቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆቴሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተመደበለት። ጠንቃቃና ጨዋ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ የባንዱን ስም ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጓዶች፣ የወባ መከላከያ ሠራተኞች ቤት ለቤት መድኃኒት እየረጩ ንዳድን ከከተማው ለማጥፋት ይለፋሉ። እናንተ በስሙ ታስጨፍራላችሁ?»

«እኛም ሰውን እናንቀጠቅጣለን እንጂ አንገድልም፣ ጓድ» አለ ከድር። ማንም አልሳቀም።

ስሙ ቀረና «የሆቴሉ ባንድ» ተባሉ። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮት ተሰፋላቸው። ድምፁም እንግዶች ምሳ እየበሉ መነጋገር በሚችሉበት ልክ እንዲለዝብ ትእዛዝ መጣ። ትእዛዙን የፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልሸሽግም። የለሜሳን አምፕሊፋየር ፈትቼ የታመመውን ሁሉ ለወጥኩ፤ አዲስ ስፒከር አስገባሁ፤ ድምፅ ከልክ ሲያልፍ የሚገታ ትንሽ መሣሪያም በገዛ እጄ ሠርቼ ጨመርኩ። የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ወደ ዋና ቴክኒሺያንነትም አደግሁ። ለሜሳ በተጠገነው አምፕሊፋየር የመጀመሪያውን ዜማ ከተጫወተ በኋላ የነገረኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ያምራል» አለ። ፊቱን አላየሁትም፤ ወይም አይቼው ረስቼዋለሁ።

በዚህ ሁኔታ ብዙ ዓመታት አለፉ። ሹፌሮቹ ቀስ በቀስ ሌላ ቤት ለመዱ። በአንድ የግንቦት ወር ለባንዱ ደብዳቤ ደረሰ፤ ከሰኔ መጨረሻ በኋላ አገልግሎታችሁ አያስፈልግም የሚል ነው። ከአዲስ አበባ አንድ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ታዝዟል፤ ድራሙን ራሱ ይመታል፤ ቤዙን ራሱ ይጫወታል፤ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለሜሳ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አንብቦ ሲጨርስ የሺ የኮቷን አዝራር ፈታች።

«መጀመሪያ ይህ ይውለቅልኝ» አለች። «እሺ፣ አሁን እንነጋገር።»

«አንድ ካሴት እንሥራ» አለ ለሜሳ። «በዱሮው ድምፃችን። ከተሸጠ ሆቴል አያስፈልገንም፤ ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ፣ ከወለንጪቲ እስከ ሁሩታ ሠርጉም ገበያውም አዳራሹም የኛ ነው። ካልተሸጠ ደግሞ እኔ የወንድሜ ወፍጮ ቤት እገባለሁ፤ ከድርም የአባቱን መኪና ይነዳል።»

«እኔስ?» አለች የሺ።

«አንቺማ ለኦርጋኑ ትዘፍኛለሽ።»

«ከምሞት አይሻልም!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሁላቸውም ወደ እኔ ዞሩ። ድምፅ የሚቀርጸው እኔ ነኝና።

ካሴቱን ማባዛትና ማከፋፈል የሚችለው ሻሸመኔ ላይ ሙዚቃ ቤት ያለው አቶ ኑሩ ነበር። በማግሥቱ ለገበያ ናዝሬት መጥቶ ስለ ነበር ለሜሳና እኔ ሄደን አነጋገርነው። ጥቁር መነጽር የሚያደርግ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ጋሼ ኑሩ፣ ከሰሙን በኋላ ይፍረዱ» አለው ለሜሳ።

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም» አለ አቶ ኑሩ። «እኔ የማውቀው ሹፌር ነው። ካሴት የሚሸጥልኝ ሹፌር ነው። መኪናው ውስጥ ከፍቶት ተሳፋሪው ‹ይህ የማን ነው?› ካላለ፣ ሱቄ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። እና እኔ ካሴት የምፈትነው ጭነት መኪና ላይ ነው። ሞተር ሲጮህ የማይሰማ ካሴት ከኔ ቤት አይገባም። ለስለስ ያለውን ተዉት፤ ለስለስ ያለ አዲስ አበባ ሞልቷል።»

«መቼ እናምጣ?»

«የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ ነኝ። መኪናና ሹፌር ከኔ። ቅዳሜ ካለፈ ወደ ሀረር ነው የምሄደው፤ ስመለስ ክረምት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አዳራሹን ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በየጧቱ ለአራት ሰዓት ያህል ፈቀደልን። ዓርብ ስብሰባ አለበት። እንግዲህ ያለን ጊዜ ይኸው ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ግጥሞቹ መመርመር ነበረባቸው። በሦስት ቅጂ በታይፕ ተመትተው ለሚመለከተው ኃላፊ ይቀርባሉ። ኃላፊው ግጥሞቹን አንድ በአንድ አሳለፈና መጨረሻ ላይ ባዶ ወረቀት አገኘ። ለሜሳ በጊታር ብቻ የሚጫወተው ዜማ ነው።

«የዚህ ግጥም የት አለ?»

«ግጥም የለውም፣ ጓድ። ዜማ ብቻ ነው» አልኩ።

«ግጥም ከሌለው ምን ብዬ አሳልፈዋለሁ? ማብራሪያ ይጻፍበት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ዜማው የፋብሪካ መሣሪያዎች በሥራ ላይ ሳሉ የሚያሰሙትን ድምፅ እንደሚያንጸባርቅ በአንድ ገጽ ጻፍኩ። ኃላፊው አነበበው፤ ከዚያም አምፕሊፋየሩ ሳይጠገን ዱሮ በልምምድ የቀዳሁትን ናሙና በትንሿ ቴፕ ሰማ።

«መሣሪያው የተበላሸ ይመስላል» አለኝ።

«ጥገና ላይ ነው» አልኩት። ማኅተሙን መታው። በአገልግሎት ዘመኔ ሐሰት የጻፍኩት በዚያ ቀን ብቻ ነው ብዬ ለማለት እፈልጋለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰኞ ጧት አዳራሹን አዘጋጀን። ከእንግዳ ክፍሎች ሃያ ያህል ፍራሽ አውርደን ድምፅ እንዳያንጸባርቁ ግድግዳዎቹ ላይ አቆምናቸው። የነበረን አንድ ባለ ሪል ቴፕ መቅጃ፣ አንድ ትንሽ ሚክሰርና አራት ማይክሮፎን ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ አንድ ሰው ከተሳሳተ ዜማው ከመጀመሪያው ይደገማል። ድምፅ የሚመጠነው ተጫዋቹን ከማይክሮፎኑ በማራቅና በማቅረብ ስለ ነበር፣ የቆሙበትን ቦታ ሁሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። የሺን ወጥ ቤቱ ውስጥ አስገባናት፤ ምግብ በሚወጣበት መስኮት በኩል ታየናለች፤ እናያታለን።

ለሜሳ የጊታሩን ድምፅ ከፍ አደረገ። እኔ የሠራሁት መግቻ ሥራውን በትክክል ሠራ። የመቅጃው የድምፅ መለኪያ መርፌ አንድም ጊዜ ቀዩን መስመር አልነካም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቅጂ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ኩራት እየተሰማኝ መልሼ አሰማኋቸው።

 የሺ ከወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አወጣች።

«ታጥቧል፣ ተገንዟል» አለች። «እንዴት ያለ ንጹሕ ሬሳ ነው!»

እውነትዋን ነበር። ባንዱ በዱሮው ጉልበቱ እየተጫወተ ሳለ ከስፒከሩ የሚወጣው የምሳ ሰዓት ሙዚቃ ነበር። መግቻውን ነቀልኩት፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። አምፕሊፋየሩ ራሱ ጨዋ ሆኗል።

«ስፒከሩ አዲስ ስለሆነ ነው» አለ ለሜሳ። «መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ነገ ምላጭ አምጡ።»

ማክሰኞ ጧት ከድር ከጎረቤት ፀጉር ቤት አዲስ ምላጭ ይዞ መጣ። ለሜሳ የአምፕሊፋየሩን የኋላ ክዳን ከፍቶ የስፒከሩን ወረቀት ሦስት ቦታ ሰነጠቀው። መለዋወጫ የለንም ብዬ ልከለክለው አስቤ ነበር። አልከለከልኩትም፤ እኔም ታሪኩን አምን ነበርና።

ጊታሩን መታው። የወጣው ድምፅ ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ጢንዚዛ ነበር። ደግሞ መታው። ያው ጢንዚዛ።

«ትንሽ ሰፋ ይበል» አለ ላብ እየጠመቀው።

«ለሜሳ፣ በቃ!» አለች የሺ። «በምላጭ ነበር? እርግጠኛ ነህ?»

«በምላጭ ነው እንጂ! ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ!»

«ሰው ሁሉ ያወቀው ካንተ ሰምቶ ነዋ!»

ለሜሳ ምላጩን መሬት ላይ ጣለው። የነበረን አንድ ስፒከር ተሰንጥቋል፤ አሮጌው ከተጣለ ቆይቷል፤ ሌላ ለማግኘት ለአዲስ አበባ ማመልከቻ ተጽፎ ወራት መጠበቅ ይገባል። ሁለት ጧት ቀርቷል። ከድር የድራም ዱላዎቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ።  ያንን ድምፅ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ የገደልኩት ግን ምኑን ነክቼ እንደሆነ አላውቅም።

ካስተማሩን መምህራን አንዱ ማንኛውንም ዕቃ ሳንፈታ በፊት የለካነውን ሁሉ በመዝገብ እንድንጽፍ ያስገድደን ነበር። ልማዱ ስላልለቀቀኝ በሆቴሉም የሥራ መዝገብ እይዝ ነበር፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም መልሼ አንብቤው አላውቅም። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቴ ሄጄ ሳጥኑን ገለበጥኩት። አምፕሊፋየሩን የጠገንኩበትን ገጽ አገኘሁት። በራሴ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«የስፒከሩ ወረቀት፦ ደህና፣ ያልተነካ። በኃይል ቫልቩ እግር ላይ ያለው ሬዚስተር፦ የተቃጠለ፣ የቀለም መስመሩ የማይነበብ፣ ልኩ ሊኖረው ከሚገባው ሦስት እጥፍ በላይ። ተለውጧል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። የተሰነጠቀውን ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ በማንኛውም ፍርድ ቤት እምል ነበር። የስንጥቁ ጠርዝ እንኳ ይታየኝ ነበር። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ግን ኖሮ አያውቅም።

መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወደ ሆቴሉ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል በእርግጥ ሮጥኩ ማለቴ ነው፤ በዚያ ሙቀት፣ በኮትና በከረባት። አምስቱም አዳራሹ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ገጹን አነበብኩላቸው። 

«ምላጭ አልነበረም?» አለ ለሜሳ።

«አልነበረም።»

ከድር ጭንቅላቱን ይዞ ተነሣ። «ሁሩታ! ለሜሳ፣ የሁሩታው ሠርግ! ሚዜው አምፕሊፋየሩ ላይ ጠጅ አልደፋም? አልጨሰም? ሙሽራው ‹እሳት! እሳት!› እያለ አልሸሸም?»

«እሱ ሌላ ጊዜ ነው» አለ ለሜሳ፤ ግን ድምፁ ደከመ። ከዚያም እኔን አየኝ። «ታዲያ ድምፁን ያመጣው ጠጅ ነው። እኔ ምን አደረግሁ?»

«ተጫወትክበት» አልኩት።

ጥቂት አሰበና መሳቅ ጀመረ። የሺም ሳቀች። ሁላችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ ከዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ።

ረቡዕ ጧት በሙሉ ጥገና ነበር፤ ወይም የጥገና ተቃራኒ። በመጀመሪያ ሒሳቡን ሠራሁ፤ የዚያ የኤሌክትሪክ መቀነሻ ሬዚስተር ልክ ሲጨምር ድምፁን የሚያጎላው ቫልቭ አይቃጠልም፤ ኤሌክትሪክ ይራባል እንጂ። የተራበ ቫልቭ ነው ያንን ሁሉ ዓመት ሲጮህ የኖረው። ከሞተ ሬዲዮ ያወጣኋቸውን ሬዚስተሮች አንዱን ከሌላው እያያያዝኩ በካውያ አጣበቅኩና በቴስተር ለካሁ፤ የመዝገቡ ልክ እስኪደርስ ጨመርኩ። ትክክል የነበረውን አውጥቼ ስህተቱን በጥንቃቄ በቦታው አስገባሁ። በትምህርት ቤት ይህን ያስተማረኝ የለም።

የቀረው ስፒከሩ ነው። ስንጥቁ ካልተደፈነ ጢንዚዛው አይወጣም። ቤዝ ተጫዋቹ የሲጋራ ወረቀት ሰጠ። የሚሆን ማጣበቂያ ግን አልነበረንም፤ የነበረው ሁሉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሺ ቦርሳዋን ከፍታ የጥፍር ቀለም አወጣች።

«ይህ ሲደርቅ አይሰነጣጠቅም» አለች። «እኔ ስንት ሳህን አጥቤበታለሁ።»

ስንጥቁ ላይ የሲጋራውን ወረቀት አልብሰን በጥፍር ቀለም ደራርበን ቀባነው። ስፒከሩ በሦስት ቀይ መስመር ተዥጎርጉሮ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ቀትር ላይ ለሜሳ ጊታሩን ሰካ፤ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ አንዴ መታው።

አቡጀዲው ተቀደደ። ያው ነው! ያው የመጀመሪያ ቀን የሰማሁት! ከድር «ያ አላህ!» ብሎ ዱላዎቹን ከጋዜጣው ፈታ። አስተናጋጆቹ ትሪ እንደ ያዙ ከየክፍሉ ወጡ።

ሐሙስ የመጨረሻው ጧት ነበር። የነቀልኩትን መግቻ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። የቢራው ሳጥን በድራሙ ፊት ተቀመጠ። እጄን አነሣሁ፤ ቴፑ መዞር ጀመረ።

የመቅጃው መርፌ በመጀመሪያው ምት ቀዩን መስመር አልፎ ከጥጉ ጋር ተጋጨ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ መቀነሻው ሄደ። ከዚያ ተመለሰ። መርፌው እዚያው ጥግ ላይ ይንቀጠቀጥ፣ አልኩ፤ ይሰበርም እንደሆነ ይሰበር! ጊታሩ ያገሣል፤ ሳክስፎኑ እየተከተለው ይጮሃል፤ ወለሉ በጫማዬ በኩል ጉልበቴ ድረስ ይመታል። ግድግዳ ላይ ከቆሙት ፍራሾች አንዱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ማንም ዞር አላለም። የሺ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት እጆቿን አውጥታ፣ ጠርዙን ጨብጣ ትዘፍናለች፦

«ሙቀቱ ከመሬት፣ ነፋሱ ከሐይቁ፣
እኔን ነው የሚያውቁኝ፣ አንተን መች አወቁ!»

በሦስተኛው ዘፈን መካከል የአዳራሹ በር ተከፈተና ሥራ አስኪያጁ ገባ። አፉን ሲከፍት አየሁ። ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ካደረግሁት በኋላ ነው፤ መዳፌን ዘርግቼ ዝም በል የሚል ምልክት ሰጠሁት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ባለበት ደርቆ ቆመ። ሲያልቅ ሁላችንም እሱን አየን።

«በሩ ሲጢጥ ሲል የተሰማው ካሴቱ ላይ ይወጣል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይወጣል፣ ጓድ።»

«ዘፈኑ ይደገም?»

«ጊዜ የለም።»

«እንግዲህ ይሁን» አለና በሩን በሁለት እጁ፣ በጣም ቀስ ብሎ ዘጋው። ዘጠኝ ዘፈን ቀርጸን ስናበቃ ከምሳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ አሳልፈን ነበር። እንዲህ ነው ትዝታዬ የሚለው።

ቅዳሜ አቶ ኑሩ በገባው ቃል መሠረት ሲሚንቶ የጫነ፣ ጣሊያን ሠራሽ መኪና ይዞ ጠበቀን። ሹፌሩ ጋሽ ዋቅጅራ ይባላል። ሲሚንቶው ወለንጪቲ ላለ ትምህርት ቤት ግንባታ ነው። የማን ካሴት እንደሆነ አልተነገረውም። ጋቢናው ውስጥ አቶ ኑሩና እኔ ገባን፤ ለሜሳ ቦታ ስላጣ ሲሚንቶው ላይ ወጣ።

ከናዝሬት እንደ ወጣን ሞተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። አቶ ኑሩ ከቴፑ የገለበጥኩትን ካሴት ማጫወቻው ውስጥ ከቶ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ካሴቱ ጀመረ። ሞተሩ ነበረ፤ ግን ጊታሩ በላዩ ላይ ነበረ። እያንዳንዱ ምት ይለያል፤ የሺ እያንዳንዱን ቃል ትናገራለች። ጋሽ ዋቅጅራ ግን ፊቱ አልተለወጠም። መንገዱን ብቻ ያያል።

ከላይ የጋቢናው ጣሪያ ተንኳኳ። «ምን አለ?» ይላል የለሜሳ ድምፅ።

«ምንም አላለም!» ብዬ በመስኮት ጮህኩ።

ሁለተኛው ዘፈን አለቀ። ሦስተኛው ጀመረ። አቶ ኑሩ የሹፌሩን ፊት በጥቁሩ መነጽር ሥር ያጠናል።  ጋሽ ዋቅጅራ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ከዚያ በእጁ የበሩን ቆርቆሮ ከውጭ በኩል መምታት ጀመረ፤ ልክ በከድር ምት ላይ።

«ምን አለ?!» ጣሪያው ዳግመኛ ተንኳኳ።

 ወለንጪቲ ገባን፤ የገበያው ሰው፣ አህዮቹ፣ የሽንኩርቱ ክምር በመስኮት አለፉ። የትምህርት ቤቱ መታጠፊያም አለፈ። አቶ ኑሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ እሱ። ሁለታችንም ዝም አልን። የከተማው የመጨረሻ ግራር ከኋላችን ቀረ፤ ፊት ለፊታችን ባዶው ሜዳ ተዘረጋ፤ ጋሽ ዋቅጅራ እየመታ ይነዳል።

አንዱ ጎን ሲያልቅ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። ጋሽ ዋቅጅራ ግራና ቀኝ አየ።

«ወለንጪቲ የት አለች?» አለ።

«ካለፍናት ቆየን» አለው አቶ ኑሩ።

«እና ዝም ትላለህ አንተ ሰው? ሲሚንቶውን ለጅብ ላራግፈው?» መኪናውን አቆመ፤ ግን ለመዞር አልቸኮለም። ካሴቱን አውጥቶ ሁለቱንም ጎን ተመለከተ። «ይህ የማን ነው?»

አቶ ኑሩ መነጽሩን አወለቀ። «ከሰዎቹ አንዱን ሲሚንቶህ ላይ ጭነኸዋል» አለው።

ለሜሳ ከላይ ወርዶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በሲሚንቶ ነጥቷል፤ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ጋሽ ዋቅጅራ ወርዶ እጁን ጨበጠው። ካሴቱን ግን አልመለሰለትም። አቶ ኑሩ መልሱን የሰጠን እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ የሀረሩን ጉዞ አቆይቶ ሁለተኛ ቅጂ ሰኞ በእጁ እንዲገባ ጠየቀ።

ካሴቱ ምን ያህል እንደ ተሸጠ አላውቅም፤ የሚነገረውንም ቁጥር አላምንም። የማውቀው በዚያ ክረምት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በቆምኩበት መናኸሪያ ሁሉ የዚያን በር ድምፅ መስማቴን ነው። በሰኔ መጨረሻ ኦርጋኑ መጣ፤ ባንዱም ወጣ። ማንም ወፍጮ ቤት አልገባም። ለብዙ ዓመታት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተጫወቱ። እኔም ከሆቴሉ ያለ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኳቸው፤ ፈቃዱን ሦስት ጊዜ አሳድሻለሁ።

በዚህ ሙያ ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው። የሌላ ሰው መሣሪያ ስትጠግኑ ከመንካታችሁ በፊት የነበረበትን ሁኔታ ለክታችሁ ጻፉ። ጉድለት ነው ብላችሁ የምታወጡት ነገር የሥራው ዋና ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ካልጻፋችሁት አይመለስም።